ጆሮ ያለው ካሜራ፦ የሚጮኸውን ሞተር እንዴት ለይቶ ያውቀዋል?

እስቲ ይህን አስቡት። ቦታው ሰቆጣ ነው፤ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፏል። ብርዱ ጠንክሯል፣ ውሾቹም ዝም ብለዋል። ድንገት ከታችኛው መንገድ አንድ ሞተር ይነሳል። ማርሚታው ተፈትቷል። ዳገቱን ሲይዝ ነጂው ነዳጅ ይጨምርለታል፤ ድምፁ ከግድግዳ እየተላተመ፣ ከተራራው እየተመለሰ ከተማዋን ያቋርጣል። ለፈተና የሚያጠናው ተማሪ ሐሳቡ ይበተናል፣ ሕፃን ይነቃል፣ ሆስፒታል የተኛ በሽተኛ ይገላበጣል። ጦርነት ካለፈበት ብዙ ዓመት ያልሆነው አገር ነውና፣ ሞተሩ እንደ ተኩስ "ጧ!" ሲል የሚደነግጥም አለ። አሥር ሰከንድ ቆይቶ ሞተሩ የለም። ጠዋት "ማን ነበር?" ቢባል መልስ የሚሰጥ አይገኝም። ታርጋውን ማን አየና!

ጩኸትን ለመቆጣጠር ከባድ የሚያደርገው ይሄ ነው። ቆሻሻ የጣለ ሰው ቆሻሻው መሬት ላይ ይቀርበታል፤ ድምፅ ግን ካለፈ አለፈ ነው። ትራፊክ ፖሊስ ተጠርቶ እስኪመጣ ማስረጃው አየር ላይ ጠፍቷል። በዚህ የተነሳ በፓሪስ፣ በኒውዮርክና በእንግሊዝ ከተሞች መሐንዲሶች አንድ አዲስ መሣሪያ መንገድ ዳር መስቀል ጀምረዋል፦ ዓይን ብቻ ሳይሆን ጆሮም ያለው ካሜራ። የሚጮኸውን ተሽከርካሪ ይሰማል፣ ድምፁ ከየት እንደመጣ ይለያል፣ ታርጋውን ያነባል።

እንዴት ነው የሚሠራው? ሰቆጣ ዙሪያ ባለው ተራራማ አገር ቢተከልስ ይሠራል? ከሥሩ እንጀምር።

ሞተር ለምን ይጮኻል?

በሞተር ሳይክል ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚንና አየር ተቀላቅሎ በካንዴላ ብልጭታ ይፈነዳል። ፍንዳታው ፒስተኑን ይገፋል፣ ሞተሩም ይዞራል። ብዙዎቹ ሞተሮች ባለ አራት ምት ናቸው፤ ማለትም በየሁለት ዙሩ አንድ ፍንዳታ አለ። እስቲ እናስላው፦ ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ቢዞር፣ በሰከንድ 100 ዙር ነው። ባለ አንድ ሲሊንደር ከሆነ በሰከንድ 50 ፍንዳታ ማለት ነው! በእያንዳንዱ ፍንዳታ መጨረሻ ላይ የጢስ መውጫው ቫልቭ ይከፈትና የታመቀው ትኩስ ጋዝ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ፊኛ በሰከንድ 50 ጊዜ ቢፈነዳ ብላችሁ አስቡት።

ይህን የሚያበርደው ማርሚታው ነው። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ በጣልያንኛ ትልቅ ድስት ማለትም ነው። ስሙ ያስኬዳል፤ ማርሚታ በውስጡ ክፍሎችና የተበሳሱ ቱቦዎች ያሉበት የብረት "ድስት" ነው። የድምፅ ሞገዱ ወደ ውስጥ ሲገባ ከግድግዳው እየነጠረ ይመለሳል። ተመልሶ የመጣው ሞገድ ከኋላ ከሚመጣው ጋር ሲጋጭ፣ የአንዱ ከፍታ ከሌላው ዝቅታ ጋር ከገጠመ ይጣፋሉ። በአንዳንዱ ማርሚታ ውስጥ ደግሞ የብርጭቆ ጭረት የመሰለ ነገር ይጠቀጠቃል፤ ይህ የድምፁን ጉልበት ወደ ሙቀት ይቀይረዋል።

ታዲያ ሰው ለምን ማርሚታውን ያወልቀዋል? ወይም ለምን ይበሳዋል? አንዳንዱ "ጉልበት ይጨምራል" ይላል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። የጢስ ቱቦው ርዝመትና ስፋት ከሞተሩ ጋር ተስማምቶ የተሠራ ነው፤ ዝም ብሎ ማውለቅ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ ማለትም ዳገት ላይ በምንፈልገው ቦታ፣ ጉልበት ሊቀንስም ይችላል። ሌላው "ሰው እንዲሰማኝና እንዳይገጨኝ ነው" ይላል። ግን የጢስ ቱቦው ወዴት እንደሚያይ ተመልከቱ፤ ወደ ኋላ ነው። ትልቁን ጩኸት የሚሰማው ከኋላ ያለው ሰው ነው፣ ከፊት የሚመጣው ሾፌር አይደለም። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ድምፁ ደስ ስለሚል ነው። ለነጂው ማለት ነው።

ዴሲቤል፦ የሚያሳስት መለኪያ

ድምፅ የሚለካው በዴሲቤል ነው። ይህ መለኪያ እንደ ሜትር ወይም እንደ ኪሎ አይደለም። 10 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የድምፁ ጉልበት 10 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ 55 ዴሲቤልና 95 ዴሲቤል ሲባል "እጥፍ አልሞላም" እንዳትሉ፤ ልዩነቱ 40 ነው፣ ጉልበቱ 10,000 እጥፍ ነው። ጆሯችን ግን አስተዋይ ነው፤ 10 ዴሲቤል ሲጨምር "ድምፁ እጥፍ ሆነ" ብሎ ነው በግምት የሚሰማው።

ሁለት ሕጎችን ያዙልኝ፣ ኋላ ያስፈልጉናል። አንደኛ፣ እኩል የሚጮኹ ሁለት ነገሮች ሲደመሩ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው የሚጨምረው። 90 እና 90 ተደምሮ 180 አይሆንም፣ 93 ነው። ሁለተኛ፣ ገላጣ ሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። 15 ሜትር ላይ 90 የነበረ ሞተር 30 ሜትር ላይ 84፣ 60 ሜትር ላይ 78፣ 120 ሜትር ላይ 72 ይሆናል።

ጉዳቱስ? የመጀመሪያው ተጎጂ ራሱ ነጂው ነው። የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም ምክር፣ ሰው 85 ዴሲቤል ባለበት ቦታ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ነው። ከዚያ በኋላ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ ስንደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። የውስጥ ጆሮ ጥቃቅን የመስሚያ ሴሎች አንዴ ከሞቱ ደግሞ በሰው ላይ ተመልሰው አይበቅሉም። ሌሎቻችንን የሚጎዳን በእንቅልፍ በኩል ነው። ባንነቃም እንኳ ሰውነታችን ይሰማል፤ ልብ ይመታል፣ የጭንቀት ሆርሞን ይረጫል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ የሌሊት የመንገድ ድምፅ በአማካይ ከ45 ዴሲቤል በታች እንዲሆን ይመክራል።

ሌሊት ድምፅ ለምን ይርቃል?

ደጋ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ቀን የማይሰማ የሩቅ ደወል ሌሊት ይሰማል። "ሌሊት ጸጥታ ስለሆነ ነው" ብትሉ ግማሹን መልሳችኋል። ሌላው ግማሽ ሙቀት ነው።

ድምፅ በሞቃት አየር ውስጥ ይፈጥናል፣ በቀዝቃዛ ውስጥ ይዘገያል። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በሰከንድ 346 ሜትር ገደማ ሲጓዝ፣ በ10 ዲግሪ 337 ገደማ ይሆናል። ቀን ፀሐይ መሬቱን ስለምታሞቀው ሞቃቱ አየር ከታች ነው፤ ድምፁ ወደ ላይ ይታጠፍና ከጭንቅላታችን በላይ ያልፋል። ደመና በሌለበት ሌሊት ግን መሬቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ቀዝቃዛው አየር ሸለቆው ውስጥ ይተኛል፣ ሞቃቱ ከላይ ይሆናል። አሁን ድምፁ ተመልሶ ወደ መሬት ይታጠፋል። ሸለቆው እንደ ክዳን ያለው ድስት ይሆናል ማለት ነው፤ አንድ ሞተር ቢጮህበት ሁሉም ይሰማዋል። የገደል ማሚቶው ሲጨመርበት ደግሞ አንዱ ሞተር ሦስት ይመስላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው አንድ አራተኛ ያህል ያነሰ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ድምፅ አይዘገይም? አይዘገይም! ግፊቱ ሲቀንስ የአየሩ እፍጋትም አብሮ ስለሚቀንስ ሁለቱ ይጣፋሉ። የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው ሙቀቱ ነው። ስለዚህ ደጋ ላይ የሚተከል ካሜራ ከፍታውን ሳይሆን ቴርሞሜትሩን ማየት አለበት።

ካሜራው እንዴት "ይሰማል"?

ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አንድ ሰው በቀኝ በኩል ቢጠራችሁ ወዲያው ወደ ቀኝ ትዞራላችሁ። እንዴት አወቃችሁ? ድምፁ ቀኝ ጆሯችሁ ጋ ቀድሞ ስለደረሰ ነው። በሁለቱ ጆሮዎች መካከል ያለው ርቀት 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ድምፅ ይህን ለመጓዝ ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። አእምሯችን ግን ከዚያም በጣም ያነሰ ልዩነት፣ እስከ አንድ መቶ ሺህኛ ሰከንድ ድረስ፣ መለየት ይችላል።

ካሜራውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በፓሪስ ዙሪያ የድምፅ ብክለትን የሚከታተለው ብሩዊፓሪፍ የተባለው ተቋም የሠራው መሣሪያ አራት ማይክሮፎን አለው። ማይክሮፎኖቹ እንደ እጅ ወጣ ወጣ ብለው ስለተንጠለጠሉ "ሜዱዝ" ብለውታል፤ በፈረንሳይኛ ጄሊፊሽ የምትባለው የባሕር እንስሳ ስም ነው። ድምፁ አንዱ ማይክሮፎን ጋ ቀድሞ፣ ሌላው ጋ ዘግይቶ ይደርሳል። ማይክሮፎኖቹ በግማሽ ሜትር ቢራራቁ ትልቁ ልዩነት ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ ተኩል አይበልጥም። ኮምፒውተሩ ከእነዚህ ልዩነቶች ተነስቶ ድምፁ ከቀኝ ይሁን ከግራ፣ ከላይ ይሁን ከታች ያሰላል። ከዚያ በካሜራው ምስል ላይ በቀለም ነጥብ ያስቀምጠዋል፤ ነጥቡ የሚጮኸውን ሞተር ተከትሎ ይሄዳል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ማይክሮፎኖቹ ሁልጊዜ ያዳምጣሉ። ድምፁ ከተወሰነው ገደብ ሲያልፍ ሥርዓቱ ይነቃል። ነጥቡ ያረፈው የቱ ተሽከርካሪ ላይ እንደሆነ ይታያል። ሌላ ካሜራ ታርጋውን ያነባል። የጥቂት ሰከንድ ምስልና የድምፅ ልኬት አንድ ላይ ታስሮ ይቀመጣል፤ ከዚያ ሰው አይቶ ይወስናል።

ሲሳሳትስ?

ቅጣት ያለበት መሣሪያ ከሆነ ይህ ጥያቄ የግድ ነው። አሁን እነዚያን ሁለት ሕጎች አውጧቸው።

ገደቡ 85 ዴሲቤል ነው እንበል። ሁለት ሞተሮች ጎን ለጎን ያልፋሉ፤ እያንዳንዳቸው 84 ናቸው፣ ማለትም ሁለቱም ጥፋት የለባቸውም። ተደምረው ግን 87 ይሆናሉ። ካሜራው ካልጠነቀቀ ሁለት ንጹሕ ሰዎችን ይከሳል። ስለዚህ ጥሩ ሥርዓት "ድምፁ የአንዱ ብቻ መሆኑን እርግጠኛ ካልሆንኩ ልተወው" ማለት አለበት።

ርቀቱም አለ። ለካሜራው በ7 ሜትር የቀረበ ሞተርና በ14 ሜትር የራቀ ሞተር እኩል ቢጮኹ እንኳ መለኪያው ላይ 6 ዴሲቤል ይለያያሉ። ኒውዮርክ ገደቡን ስታስቀምጥ "85 ዴሲቤል" ብቻ ሳትል "ቢያንስ ከ15 ሜትር ገደማ" ብላ ርቀቱን የጨመረችው ለዚህ ነው። በተጨማሪ ድምፅ ከግንብ ላይ ሲነጥር ግንቡ ራሱ የጮኸ ይመስላል። ነፋስ ማይክሮፎኑን ይመታዋል። ነጎድጓድ፣ የአይሱዙ ክላክስ፣ ከሱቅ ደጃፍ የተሰቀለ ስፒከር፣ ሁሉም ከሞተር መለየት አለባቸው። ታርጋው በጭቃ ከተሸፈነ ወይም ከሌለ ደግሞ ካሜራው ሰምቶ ዝም ነው።

መለኪያው ራሱ ትክክል ስለመሆኑስ? ባለሙያዎች ማይክሮፎኑ ላይ ልክ 94 ዴሲቤል የምታሰማ ትንሽ መሣሪያ ይገጥማሉ። መለኪያው 94 ካላለ ይስተካከላል። ሥጋ ቤት ሚዛኑ ላይ አንድ ኪሎ ድንጋይ አስቀምጦ እንደማየት ነው።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ?

ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2019 ማብቂያ ባወጣችው የትራንስፖርት ሕግ ሙከራው እንዲጀመር ፈቀደች። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ላይ መሣሪያው በፓሪስ አንድ ጎዳናና ከፓሪስ ወጣ ባለ፣ ሞተረኞች በሚያዘወትሩት ሸለቆ ውስጥ ባለ መንደር ተተከለ። ብሩዊፓሪፍ ያወጣው አንድ ግምት ብዙ ሰው አስደንግጧል፦ ማርሚታው የተነካካ አንድ ሞተር ሌሊት ፓሪስን ከዳር እስከ ዳር ቢያቋርጥ እስከ 10,000 ሰው ሊቀሰቅስ ይችላል። እንግሊዝ በአራት ቦታዎች መሣሪያውን እያዘዋወረች ሞክራለች። ሞተር ሳይክል እንደ አሸን የፈላባት ታይዋንም ትጠቀምበታለች።

ለእኛ የሚጠቅመው ትምህርት ግን የኒውዮርክ አጀማመር ይመስለኛል። በሙከራው ጊዜ ካሜራው የያዘው ባለ መኪና መጀመሪያ የደረሰው ቅጣት አልነበረም፤ ደብዳቤ ነበር። "መኪናህን ይዘህ ቅረብና ይመርመር" ይላል። ቅጣት የሚመጣው ካልቀረበ ነው። ነገሩን በማስጠገን የሚፈታ አድርጎ ነው የጀመረው።

እኛጋ ቢመጣስ?

ሕጉ አለን። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም እንደ ብክለት ያያል፤ የድምፅ መጠን ደረጃ እንዲወጣም ያዛል። በወጣው ደረጃ መሠረት በመኖሪያ ሰፈር ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት 55 ዴሲቤል፣ ከዚያ እስከ ንጋት 45 ዴሲቤል ነው ጣሪያው። ለንግድ ቦታ 65 እና 55፣ ለኢንዱስትሪ ቦታ 75 እና 70 ነው። የመኖሪያ ሰፈሩ የሌሊት ቁጥር ከዓለም ጤና ድርጅቱ 45 ጋር አንድ መሆኑን ልብ በሉ።

ግን አንድ ወጥመድ አለ። የ9 ሰዓቱን ሌሊት አማካይ ወስደን እናስላ። ሌሊቱን ሙሉ ፍጹም ጸጥታ ነው፣ አንድ ሞተር ብቻ በ80 ዴሲቤል ለ10 ሰከንድ በደጃችሁ አለፈ። ዘጠኝ ሰዓት 32,400 ሰከንድ ነው። የእነዚያ 10 ሰከንዶች ጉልበት ለሌሊቱ ሁሉ ሲካፈል አማካዩ ስንት ይሆናል? 45 ዴሲቤል! ልክ ጣሪያው ላይ። ወረቀት ላይ "ሕግ አልተጣሰም"፤ ቤት ውስጥ ግን ሕፃኑ ነቅቷል። አማካይ ለቡና ቤት ስፒከርና ለወፍጮ ጥሩ መለኪያ ነው። በሰከንዶች የሚያልፍን ነገር ግን የሚይዘው የዚያችን ቅጽበት ከፍታ የሚለካ ሕግ ነው።

ታዲያ ካሜራ እንትከል? ቀስ እንበል። ካሜራው ውድ ነው፣ መብራት ይፈልጋል፣ ኔትወርክ ይፈልጋል፣ ሁሉም ሞተር የሚነበብ ታርጋ እንዲኖረው ይፈልጋል። መንገድ ዳር ሁልጊዜ የሚያዳምጥ ማይክሮፎን መስቀል ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ የሰው ወሬስ ይቀዳል ወይ? ቅጂውን ማን ያየዋል? መቼ ይጠፋል? እነዚህ ቀድመው በሕግ መመለስ አለባቸው።

በሌላ በኩል በጅምላ መከልከልም አለ። በ2011 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ላይ አዲስ አበባ ልዩ ፈቃድ ከሌላቸው በስተቀር ሞተር ሳይክሎች እንዳይንቀሳቀሱ አግዳ ነበር። ምክንያቱ ጩኸት ሳይሆን በሞተር የሚፈጸም ወንጀል ነበር። ያኔ የተነሳው ክርክር ግን እዚህም ይሠራል፦ በጥቂቶች ጥፋት በሞተር እንጀራውን የሚጋግር ሁሉ ይቅር? በዋግ ኽምራ ተራሮች ደግሞ ጥያቄው ይከብዳል። መኪና በማይደርስበት ቀበሌ መድኃኒት የሚያደርሰው፣ ምጥ የያዛትን እናት እስከ መንገድ የሚያወጣው ሞተር ነው። መለካት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ጯሂውን ከጨዋው ይለያል።

ለመለካት ደግሞ የግድ ካሜራ አያስፈልግም። ዓለም አቀፍ የታወቀ ቀላል ዘዴ አለ። ሞተሩ ቆሞ ይነሳል፤ የድምፅ መለኪያው ከጢስ መውጫው 50 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ በ45 ዲግሪ ማዕዘን ይያዛል፤ ነጂው ነዳጅ ሰጥቶ ሞተሩን ወደተወሰነ ዙር ያደርሰዋል፤ ቁጥሩ ይነበባል። አንድ ትራፊክ ፖሊስ፣ አንድ በእጅ የሚያዝ መለኪያ፣ ሁለት ደቂቃ። ማርሚታው የተፈታ ሞተር ከዚህ አያመልጥም። "ሂድ አስገጥመህ ና" ቢባልም ጋራዡ ሩቅ አይደለም።

እናንተም ሞክሩት

የካሜራውን ምስጢር በእጃችሁ መፈተሽ ትችላላችሁ። ሰቆጣ ዙሪያ ገደል ሞልቷል። ከአንድ ገደል ፊት ለፊት ቁሙና አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ አጨብጭቡ። ማሚቶው እስኪመለስ በስልክ ሰዓት ያዙ። ሰከንዱን በ340 አባዙና ለሁለት አካፍሉ፤ ድምፁ ሄዶ ተመልሷልና። ሁለት ሰከንድ ከፈጀ ገደሉ 340 ሜትር ርቀት ላይ ነው።

ወይም ማዶ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ፈልጉ። መጥረቢያው ሲያርፍ ታያላችሁ፣ "ቋ!" የሚለው ቆይቶ ይመጣል። በመካከል ያለውን ሰከንድ በ340 ስታባዙ እንጨት ፈላጩ ምን ያህል እንደራቀ ታውቃላችሁ። ከዚያ በማለዳ ብርድና በቀትር ፀሐይ ደጋግማችሁ ሞክሩት። ድምፁ የቱ ጊዜ ነው ጎልቶ የሚሰማችሁ? ያገኛችሁትን ደብተር ላይ ጻፉት። የፓሪሱ "ሜዱዝ" በየሰከንዱ የሚሠራው ሒሳብ የዚሁ ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ እሱ ሰከንዱን በሺህ ሸንሽኖ መቁጠሩ ብቻ ነው።